ጤነኛዋ እህት

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ይህን ደብተር የገዛሁት ለላቦራቶሪው ነበር። የላቦራቶሪው ደብተር ግን ቁጥር እንጂ ንዴት አይቀበልም። ስለዚህ ንዴቱ እዚህ ይጻፋል።

ዛሬ ደም ሰጠን። እህቴ ማኅሌት አንድ ብልቃጥ፣ እኔም አንድ ብልቃጥ። የቀዳችልን ሸዋዬ ናት። ከእኔ ጋር የምትሠራ፣ ከደብረ ብርሃን መጥታ የባሕር ዳርን ሙቀት እየረገመች ስድስት ዓመት የኖረች፣ እጇ ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሲንቀጠቀጥ ያላየሁት። በማኅሌት ብልቃጥ ላይ «ሀ» ብላ ጻፈች፣ በእኔው ላይ «ለ»። ሀ ሕመምተኛ፣ ለ ጤነኛ።

ነገሩን ከሥሩ ላስፍረው። አባታችን መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸው ጠፍቷል። አያታችንም እንዲሁ ነበሩ። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ነው። መጀመሪያ በጨለማ ማየት ይከለክላል፣ ቀጥሎ ከዳርና ከዳር እየጋረደ ይመጣል፣ በመጨረሻ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ትተርፋለች፣ እሷም ትሄዳለች። የአባባ ደም ከሁለት ዓመት በፊት ተመርምሮ ስሕተቱ የትኛው ዘረ መል ላይ እንዳለ ታውቋል። ማኅሌት ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ትኖራለች፣ የሀገር ልብስ ጥልፍ ትሠራለች፣ ከመሸ ያለ ስልኳ መብራት ከደጅ አትወጣም። እኔ በሰባት ዓመት እበልጣታለሁ። ጨለማ አስፈርቶኝ አያውቅም።

የምንሠራው እንዲህ ነው። ከደሙ ነጭ ሕዋሳቱን እንለያለን። ጉዳት በሌለው ቫይረስ አሳፍረን አራት ዘረ መሎች እናስገባባቸዋለን። ከተሳካልን ደምነታቸውን ትተው ግንደ ሕዋስ ይሆናሉ፤ ገና ምን እንደሚሆኑ ወዳልተወሰነበት ወደ ፅንስ ዘመናቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ከዚያ የዓይን ሕዋስ እንዲሆኑ አድርጎ ማሳደግ ይቻላል። የማኅሌትን ዓይን ሳንነካ ዓይኗ ለምን እንደሚሞት ሣህን ላይ እናያለን፤ መድኃኒት የምንሞክረውም እዚያው ሣህን ላይ ነው። ግን ከጤነኛ ጋር ካልተነጻጸረ ምንም አይነግረንም።

የክፍል ኃላፊያችን ዶክተር ቢያዝን ቁርጡን ነግሮናል። «እስከ አዲስ ዓመት አንድ ሕመምተኛ፣ አንድ ጤነኛ፤ ጥንዱን አሳዩኝ። ያለዚያ ክፍሉን ለጉበት ምርመራ እሰጠዋለሁ። ክፍሉን የሚጠብቀውን ሰልፍ ታዩታላችሁ።» ሰልፉን አያለሁ። የማኅሌትን ዓይን ደግሞ እሱ አያየውም።

ቅጹ ላይ «የለጋሿ የዓይን ምርመራ ውጤት» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። «ጤናማ» ብዬ ሞላሁት። ለዚህ ደግሞ ምርመራ ያስፈልጋል እንዴ? ዘጌ ሙሉ ይመሰክርልኛል።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ዘጌ ደርሼ መጣሁ። አባባ የምንሠራውን በትክክል ካልሰሙ አልባርክም ብለው ነበር፤ በስልክ ደግሞ ቁም ነገር አይናገሩም። ድጓ በሚያስተምሩበት ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗል፤ ድጓውን ግን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ያስተምራሉ። አንድ ምልክት የሳተ ተማሪ ካለ ከነስሙ ጠርተው ያርሙታል።

ነገርኋቸው። የደም ሕዋስ አድጎ ሥራ የያዘ ነው፤ እኛ ወደ መነሻው እንመልሰዋለን አልሁ።

«መሪጌታ የነበረው ተመልሶ ፊደል ቆጣሪ ይሆናል ማለት ነዋ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ያወቀውንስ ምን ያደርገዋል?»

«ይረሳዋል። ሥራውን ነው እንጂ ዘሩን አይረሳም። የእኛ ቤት ስሕተት አብሮት ይመለሳል። የምንፈልገውም እሱን ነው።»

ሳቁ። «ደፋሮች ናችሁ። እኔን በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቁጠር የሚለኝ ቢመጣ ዱላ አነሣበት ነበር» አሉና ባረኩን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ጤነኛዪቱ አንቺ ነሽ ማለት ነው?»

«አዎ» አልሁ። ዝም አሉ። እርጅና ነው፤ አሁን አሁን በጨዋታ መሀል ዝም ይላሉ።

እናቴ ሥርጉት ስለ ልጅነታችን አነሣች። በእኛ ቤት ማታ መብራት አይበራም ነበር። የመጽሐፍ ትምህርት በቀን፣ የቃል ትምህርት በጨለማ ነው፤ ዓይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ ይተጋል ይላሉ አባባ። ደቀ መዛሙርቱ በጨለማ ተደርድረው እየተቀበሉ ሲያዜሙ፣ ውኃ የማድረሱ ሥራ የእኔ ነበር። ማኅሌት ስትሞክር የሰው እግር ትረግጣለች፣ እኔ ግን ጠብታ አላፈስም። «ሰብለ ወንጌል በጨለማ እንደ ቀን ትሄዳለች» ይባልልኝ ነበር። ከእንስራው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ መጀመሪያው ተማሪ ዐሥራ ሁለት። ዛሬም አልረሳሁትም።

በዐሥር ሰዓቱ ጀልባ ተመለስሁ። የመጨረሻውን ጀልባ አልወደውም፣ ሰው ይበዛበታል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ዘረ መሎቹ ገቡ። ሀም ለም። ሸዋዬ አማተበች። እኔ ሰዓቱን ጻፍሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

መብራት ሄደ። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው። ኢንኩቤተሩ ሕዋሳቱን በሰውነት ሙቀት የሚያቆይ ሣጥን ነው፤ ባትሪው የሚይዘው ለአርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው ምናሴ ስልኩን አያነሣም። ሸዋዬ «አትንቀሳቀሺ፣ እኔ እወርዳለሁ» አለችኝ። ለምን አልንቀሳቀስም? ከሣጥኑ እስከ በሩ ዐሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት ቢጨልም እደርሳለሁ።

በስምንተኛው ላይ ወንበር። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው አላውቅም። ጉልበቴ አብጧል።

ምናሴ በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ጄኔሬተሩን አስነሣ። ሙቀቱ የወረደው በአንድ ዲግሪ ብቻ ነው። ልስመው ምንም አልቀረኝም፣ ግን ሰደብሁት።

ሸዋዬ ቅባት እያሸችልኝ «ከመንገዱ የመኪና መብራት በመስኮት ይገባ ነበር እኮ፤ ወንበሩ ወለል ብሎ ይታያል» አለች። ደክሞኝ ነው አልኋት። ደክሞኝ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ሻይ ቤት የሰማኋቸውን ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ልቅበራቸው።

አንደኛው፦ «ለጨጓራ መድኃኒት ያላገኘ ሀገር ደሙን ወደ ፅንስ ይመልሳል አሉ!» ሳቅ። የተናገረው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ነው። ጨጓራው ይመለስለት።

ሁለተኛው የጥበቃው ነው፤ ለአዲሱ ባልደረባው ሲያስረዳ፦ «ሰብለ ወንጌል ማለት ያቺ ማታ ስትወጣ ግድግዳ እየዳበሰች የምትሄደዋ ናት።» አልዳብስም። ኮሪደሩ ጠባብ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መጡ! መጡ! መጡ!

ሀ ላይ አምስት፣ ለ ላይ ዘጠኝ። ከተበታተነው ደም መሀል ዳር ዳራቸው በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ጠፍጣፋ የግንደ ሕዋስ መንጋዎች፣ ሕዋስ በሕዋስ ላይ ተጠጋግቶ። ሸዋዬ እልል አለች፤ ማሽን ከሚጮኽበት ክፍል ውስጥ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። ማኅሌትን ጠርቼ በማይክሮስኮፕ አሳየኋት። «ያንቺዎቹ ያምራሉ» አለችኝ። እውነትም የእኔዎቹ ያምራሉ። ጤነኛ ደም ያስታውቃል።

ዶክተር ቢያዝን በበሩ ብቅ ብሎ «ፎቶ አንሡልኝ» ብሎ ሄደ። ፎቶ ነው የሚፈልገው። ይነሣለታል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ቀኑን ሙሉ መልቀም። መንጋዎቹን አንድ በአንድ በቀጭን መምጠጫ እየቆረጥሁ ወደ አዲስ ሣህን አሻገርሁ። በማይክሮስኮፕ ብርሃን ሥር አንድም አላመለጠኝም። ይህንን የሚያደርግ ዓይን ያለው ሰው ግድግዳ ይዳብሳል? የጥበቃው ሰው ይምጣና ይልቀም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

የሁለቱም ናሙና ዛሬ ለዘር ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ሀ ስሕተቱን እንደያዘች፣ ለ ከስሕተቱ ነፃ እንደሆነች በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ለወጉ ነው።

ከአየር ማረፊያ ስመለስ መሽቶ ነበር፤ በዘንባባዎቹ ሥር ስሄድ የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገባሁ። እስከ ወገቤ። ከተማውን ሙሉ ቆፍረውታል፣ ምልክት የለ፣ ገመድ የለ! አንድ ባጃጅ ነጂ አወጣኝና «እሜቴ፣ ገመዱን ረግጠሽው እኮ ነው የገባሽው» አለኝ።

ማኅሌት ልብሴን እያጠበች ብዙ አየችኝ። «እኔ እንኳ አልገባሁበትም፣ ስልኬን አብርቼ ነው የማልፈው» አለች። ሕመምተኛ ስለሆንሽ ነዋ አልኋት። እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ሳሙናውን አስቀምጣ ወጣች።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ውጤቱ መጣ። ሀ ስሕተቱ አለባት። ለም አለባት።

አይሆንም።

የሚሆነው አንድ ብቻ ነው፤ ሣህኖቹ ተቀያይረዋል። ሁለት ሣህን ሙሉ ማኅሌትን ስናሳድግ ከርመናል፣ የእኔው ጠፍቷል። ምልክት የምትጽፈው ሸዋዬ ናት። ሄጄ «ሣህኖቹን ቀያይረሻል» አልኋት። ምናሴ ነበረ፣ ሁለት ተማሪዎችም ነበሩ።

«እኔ?» አለች።

«ሌላ ማን ይጽፋል? የሁለት ወር ሥራ በእጅሽ ገደል ገባ።»

ጓንቷን አወለቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብላ። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የማንነት ምርመራ አዘዝሁ። እንደ ጣት አሻራ ነው፤ የትኛው ሣህን የማን እንደሆነ ያለ ጥርጥር ይለያል። ከእኔና ከማኅሌት አዲስ ጠብታ ደም ጨምሬ ላክሁ። የሸዋዬ ስሕተት በወረቀት ይውጣ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሸዋዬ ትመጣለች፣ ትሠራለች፣ ትሄዳለች። ሣህኖቹን በየቀኑ ትመግባለች፤ የእኔንም ጭምር። ከእኔ ጋር የምትነጋገረው በጽሑፍ ነው፤ «መኖው ሊያልቅ ነው» የሚል ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፋለች።

እምዬ ደውላ ፍልሰታን እየጾምሁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ አልሁ። ማኅሌት ነግራት ኖሮ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉሻል፤ ከዚያች ልጅ ጋር ታረቂ» አለች። ውጤቱ ይምጣ እታረቃለሁ አልሁ። ካፈርሁ አይመልሰኝ!

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

መጣ። ሀ ማኅሌት ናት። ለ እኔ ነኝ። አልተቀያየረም።

ለ እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ትናንት የጻፍሁትን አነበብሁት። ያው ነው።

ወንበሩ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ገመዱ ነበረ። ከእንስራው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ። ሌሎቹ ልጆች ለምን አይቆጥሩም ነበር? ሰው ሁሉ በጨለማ የሚሄደው ቆጥሮ ነበር የሚመስለኝ። መብራት በማይበራበት ቤት አድጌ የማየው የቱ፣ የማስታውሰው የቱ እንደሆነ ሳልለይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ማኅሌት ስለተደናቀፈች ታወቀባት፤ እኔ ስለቆጠርሁ ጤነኛ ተባልሁ። የዓይን ምርመራ የሚለውን ክፍት ቦታ በገዛ እጄ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ለሌላው ሰው ቢሆን ያለ ወረቀት የማላልፈው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሸዋዬን በሰው ፊት ምን አልኋት!

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ልጻፈውና ዓይኑን ልየው። የትናንቱን ወረቀት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዶክተር ቢያዝን የሚፈልገው ፎቶና ሁለት ብልቃጥ በረዶ ውስጥ ነው። ለ ታምራለች። ዝም ብል ክፍሉ ይቀራል፣ ሥራው ይቀጥላል፣ ቀስ ብዬ ሌላ ጤነኛ አስገባለሁ። ለማኅሌት ስል ነው ልል እችላለሁ። ለማኅሌት ስል!

ነገር ግን የታመመን ዓይን ከታመመ ዓይን ጋር እያነጻጸሩ «ልዩነት የለም፣ ደኅና ናት» ማለት ነው። እህቴን በእኔ ማታለል ነው።

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ዓይኔን ትናንት አስመረመርሁ። ሐኪሙ በሁለቱም ወገን ዳሩ መጋረድ ጀምሯል አለ። ገና ብዙ ዓመት አለሽ አለ። ስንት እንደሆነ ግን አልቆረጠም።

ዛሬ ዘጌ። አባባ ብቻቸውን ዛፉ ሥር ነበሩ። ሳልቀመጥ «እኔም አለብኝ» አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ጆሮዬን አላምን አልሁ። «ያውቃሉ?»

«ከሕፃንነትሽ ጀምሮ። ውኃ ስታመጪ እርምጃሽን እሰማ ነበር። ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድም አይበልጥ፣ አንድም አይጎድል። የሚያይ ሰው እንደዚያ አይራመድም። እኔም በልጅነቴ እንደዚያው ነበርሁ። ቆጣሪ ቆጣሪን ያውቃል፣ ልጄ።»

አባቴን ቀና ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ተናገርሁ። «በሰኔ እዚሁ ተቀምጠው 'ጤነኛዪቱ አንቺ ነሽ?' አሉኝ! አንድ ቃል ቢናገሩ ክረምቴን ባላቃጠልሁ፣ ሰው ባላዋረድሁ!»

ሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባ አለፈ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁት።

«የአንቺን ያህል አልደፈርሁም» አሉ። «ማኅሌት ፈርታ ከመርፌዋ አልራቀችም። አንቺ ሳታውቂ እስከ ላይ ተማርሽ። ብነግርሽ ትቆሚያለሽ ብዬ ነው። ኋላ ደግሞ ዝምታው ለመደኝ። ይቅር በይኝ።»

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ለማንም ይቅር በለኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እጃቸውን ስሜ አለቀስሁ፤ ተናድጄም እያለቀስሁ ነበር፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

«አሁንስ ምን ታደርጊ?» አሉ።

«እናገራለሁ። ክፍሉን ይወስዱታል።»

«ክፍል ነዋ! እኔ ያስተማርሁት ዛፍ ሥር ነው።»

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ሸዋዬ ዘንድ ሄድሁ። ወረቀቶቹን ሁሉ አሳየኋት፣ የዓይኔንም ጭምር። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን ጠንካራ ነው።

«አዝኛለሁ፣ ሰብለ። ከልቤ ነው ያዘንኩት። ግን በሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ። ይቅርታሽን እዚህ በር ዘግተሽ አልቀበልሽም። በሰው ፊት ጠይቂኝ።»

ልክ ናት። በሰው ፊት ይቅርታ ከጠየቅሁ ለምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። ምክንያቱን ከተናገርሁ ጥንድ የለኝም። አወቀች አላወቀች አላውቅም፤ ማምለጫዬን በሙሉ ዘጋችው። ደግ አደረገች።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ስብሰባው። ዶክተር ቢያዝን፣ አራት የየክፍሉ ሰዎች፣ ሸዋዬ፣ ምናሴ፣ ሁለቱ ተማሪዎች። ተማሪዎቹንና ምናሴን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ለምን መጡ ሲባል ምስክር ናቸው አልሁ።

ቆሜ ተናገርሁ። እንዳልፈራ አስቀድሜ ጽፌው ነበር፤ ወረቀቱን ግን አላየሁትም።

«ነሐሴ አምስት ቀን ወይዘሪት ሸዋዬን ሣህን ቀያይረሻል ብዬ በእነዚህ ሰዎች ፊት ወንጅያታለሁ። አልቀያየረችም። ሥራዋ አንድም እንከን የለበትም። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሳልመረመር ጤነኛ ነኝ ብዬ ቅጽ ሞላሁ። ሸዋዬ፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ሸዋዬ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ይኼኔ ዶክተር ቢያዝን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስለዚህ ጥንዱ የለም?»

«የለም። ሁለት ሕመምተኛ አለን። አንዷ እኔ ነኝ።»

ያ የሒሳብ ክፍሉ ሰው እንኳ ጨጓራውን ረስቶ አየኝ።

ዶክተር ቢያዝን ክፉ ሰው አይደለም። መሬት መሬት አይቶ፣ «ጥንድ ብዬ ነበር፣ ሰብለ» አለ። «ቃሌን ብለውጥ ነገ ሁሉም ይለምነኛል። ክፍሉ ለጉበት ይሄዳል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለምን ዝም አላልሽም?» አለኝ። በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ በዚህ ሥራ መጨረሻ ላይ መድኃኒት ቢገኝ የሚሰጠው ለእህቴ ነው። አሁን ደግሞ ለእኔም ነው። የውሸት መድኃኒት ልዋጥ?»

እኔ አልተቀመጥሁም። ክፍሉን ውሰዱት አልሁ፣ ኢንኩቤተሩ ግን በእኛ ስም የመጣ ነው፤ የኋለኛው መጋዘን ባዶ ነው፣ እዚያ እገባለሁ።

«መስኮት የለውም እኮ» አለ አንዱ።

«እኔም መስኮት አያሻኝም» አልሁ። ሸዋዬ ሳቀች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ምናሴም ተነሥቶ «መስመሩን እኔ እዘረጋለሁ፣ ከጄኔሬተሩ ቀጥታ» አለ። ዶክተር ቢያዝን ሁላችንንም በየተራ አየን። «መጋዘኑን ማንም አልጠየቀኝም» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበ።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ከተማው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል። እኛ በዚያው ዝናብ ኢንኩቤተር እንሸከማለን፤ እኔ፣ ሸዋዬ፣ ምናሴ፣ ከላይ ላስቲክ አልብሰነው። ማኅሌት መንገዱን ከፊት ከፊት እየመራች «ደረጃ! ድንጋይ! ቀኝ!» ትጮኻለች። ቀን በመሆኑ ይታየናል፤ እሷ ግን አላመነችንም።

የ«ሀ»ና የ«ለ» ሕዋሳት በደኅና ተሻገሩ። ከሁለቱም አሥር አሥር ብልቃጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቷል። ምናሴ እንዳለው አሁን እሳት ቢነሣም እኛ አለን። ለ ላይ «ጤነኛ» የሚለውን ጽሑፍ ፋቅሁት። እስክሪብቶው ከባድ ነበር እንዳልል፤ ቀላል ነበር።

እምዬ ከዘጌ መጣች። እኔና ማኅሌት ደም እየሰጠን እሷ የማትሰጥበትን ምክንያት አባባ ሊነግሯት አልቻሉም አለች። እሷ ሥጋችን ናት፣ ሕመሙ ግን የሚመጣው በአባባ በኩል ነው፤ ጤነኛዋ ለጋሽ እሷ ልትሆን ትችላለች። የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ነበር። «እኔ እኮ እስከ ዛሬ በጨረቃ እንክርዳድ እለቅማለሁ!» እያለች ተቆጣች። አውቃለሁ እምዬ፣ ወረቀት ግን እፈልጋለሁ አልኋት። ወረቀቱ ወጣ።

ዓርብ፣ መስከረም 2 ቀን 2018

እምዬ ዛሬ ደም ሰጠች። ከመስጠቷ በፊት «ልያችሁ» አለች። ሣህኖቹን አውጥቼ በማይክሮስኮፑ አስጎነበስኋት፤ ነጠላዋ እየወረደ አስቸገራት፣ ሸዋዬ ያዘችላት።

«ይኸ ሁሉ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ማኅሌትስ?»

ሌላውን ሣህን አስገባሁላት። ብዙ አየችው፤ ተመልሳ የመጀመሪያውን ጠየቀች፣ እንደገና ሁለተኛውን። ከዚያ ቀና ብላ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ሣህኖቹን ወደ ኢንኩቤተሩ ስመልስ ውስጡን አጮልቃ አየች።

«ምነው መብራት የለውም?»

«አያስፈልጋቸውም፣ እምዬ። ብርሃን ይጎዳቸዋል። የሚያድጉት በጨለማ ነው።»

«እንዳባትሽ ደቀ መዛሙርት» አለችና ክንዷን ለሸዋዬ ዘረጋች።

በአዲሱ ብልቃጥ ላይ ሸዋዬ «ሐ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ እኔ ጨመርሁበት፦ ጤነኛ፤ ዓይኗ ተመርምሯል።

ሥራ ጨርሰን መጋዘኑን ስንቆልፍ መሽቶ ነበር። ከዚህ በር እስከ ደረጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም፤ አልቆጠርሁትም፣ አልቆጥረውምም። ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አበራሁና ከፊት ሄድሁ።